የደነዘዘው የአስካለች እጅ

ብርጭቆው ከአስካለች እጅ አምልጦ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ...

በዚህ ሳምንት አራተኛው ነው።

«ቤትሽ ሂጂና እረፊ» አለቻት አለቃዋ ሜራቭ።

አነጋገሯ «አትመለሺ» የሚል ነበር።

አስካለች ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ኢየሩሳሌም፣ ኢትዮጵያ ጎዳና አጠገብ ባለ የእንግዳ ማረፊያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዕቃ አጥባለች።

አሁን ግን አውራ ጣቷና አጠገቡ ያሉት ሁለቱ ጣቶቿ ደንዝዘዋል... የሹራቧን ቁልፍ እንኳ መቆለፍ አቅቷታል።

ቂርያት መናሔም ሰፈር ያለው ቤቷ ስትደርስ፣ ልጇ ኦሽሪት ከስልኳ ቀና ሳትል «እማ፣ ሁሉም ሰው ይደክመዋል እኮ» አለቻት።

አስካለች ሹራቧን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ጋደም አለች።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ...

ከዘራ የያዙ የማታውቃቸው ሽማግሌ ቆመዋል።

«ማሩ እባላለሁ። ወደዚህ አገር ለመምጣት ጎንደር ተራ ስንጠብቅ አንድ ግቢ ነበርን። እጅዎን ያምዎታል?»

ደነገጠች።

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም። እዚያ ግቢ የነበርነውን ብዙዎቻችንን ስለሚያመን፣ ቤት ለቤት እያፈላለግኩ ነው።»

ሐኪም ቤት ቶር፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ያዙላት። ሁለት አውቶቡስ ቀይረው አብረዋት ሄዱ። ዕብራይስጡንም እሳቸው አስተረጎሙላት።

ሐኪሟ የእጇን አንጓ በጣቷ መታ መታ ስታደርገው፣ እንደ ኤሌክትሪክ ያለ ነገር እስከ ጣቶቿ ጫፍ ነዘራት።

«ነርቩ አንጓዎ ላይ ተጨምቋል» አለች ሐኪሟ። «ዕቃ ማጠቡ አንዱ ምክንያት ነው። ግን ጎንደር ተራ ስትጠብቁ በእርዳታ ተሰፍሮላችሁ የበላችሁት የተበከለ ዘይትም ነርቫችሁን ሳይጎዳው አልቀረም። የተጎዳ ነርቭ ቶሎ ይጨመቃል። በትንሽ ቀዶ ጥገና ይሻልዎታል። ጋሼ ማሩ ካመጧቸው እርስዎ አሥራ አንደኛዋ ነዎት።»

አስካለች ዘይቱ ትዝ አላት... የመኪና ቅባት ይሸት ነበር። ልጆቹን ሁሉ አስመልሷቸው ነበር።

አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳቻቸው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ለማያውቁኝ ሰው ይህን ያህል...»

«አውቅዎታለሁ እህቴ» አሉ ሽማግሌው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው።

«ሰልፍ ላይ ነበሩ... ዘይቱን በጣሳ የምሰፍርላችሁ እኔ ነበርኩ።»

አስካለች ወደ እሳቸው ዞረች።

«መርዝ መሆኑን ያውቁ ነበር?»

«መርዝነቱን አላወቅኩም። ሽታው ደህና አለመሆኑ ግን ገብቶኝ ነበር... ሰው ተርቧል ብዬ ዝም አልኩ።»

አውቶቡሱ መጣ።

አስካለች ገብታ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋንም አጠገቧ ባለው ወንበር ላይ አስቀመጠች። እሳቸው አጠገቧ መቀመጥ አፍረው፣ ብረቱን ይዘው ቆሙ።

ልትሰድባቸው ፈለገች። አልሆነላትም። ልትምራቸውም ፈለገች... እሱም እምቢ አላት።

ሦስት ፌርማታ ካለፉ በኋላ ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አነሳች።

«ይቀመጡ» አለቻቸው። «እኛ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ልቅናሽ የምትባል ሴት አለች። ያኔ ግቢው ውስጥ ጎረቤቴ ነበረች። ማንኪያ መያዝ አቅቷታል... ነገ አብረን እንሄዳለን።»

ወዳጆቼ... ጋሼ ማሩ ዝም ቢሉ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር።

የበደለ ሰው ይቅርታ ከመለመኑ በፊት፣ የበደለውን ሰው በር ሄዶ ማንኳኳት አለበት።

እናንተ በአስካለች ቦታ ብትሆኑ... ቦርሳችሁን ከወንበሩ ላይ ታነሱ ነበር? የልባችሁን ጻፉልኝ 👇