ሙሽሪትና ሚጥሚጣ

መኪና የነጂውን የልብ ምት እየለካ ይሂድ የሚል ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ የተረጋጋ ሰው ይበራል፤ የደነገጠ ይንፏቀቃል። ድሮ ጎህ ሲቀድ ይነገር የነበረው መርዶ እንኳ ዛሬ የሚነገረው ማታ፣ ሰው ሁሉ መኪናውን ካቆመ በኋላ ነው።

ምጤ የመጣ ቀን ባሌ ይትባረክ ሱፐርካሩ ውስጥ አስገባኝ። «ሙሽሪት» ይላታል፤ ስትቆም ሐር ያለብሳታል። ሞተሯን ሲያስነሳ ሰፈሩ ተናወጠ። ከዚያ ኮብልስቶኑ ላይ መንፏቀቅ ጀመርን። ሽንኩርት የጫነች አህያ ቀደመችን።

«ምነው ይትባረክ?»

«ልቤ እኮ ነው፤ አልረጋ አለኝ!»

አንጀቴን በላኝ። «አይዞህ የኔ ጌታ፣ ምንም አልሆንም» ብዬ እያማጥኩ እኔው አጽናናሁት። ልቡ ግን ጭራሽ ባሰበት። ምን ይደረግ፣ ተመልሰን የእኔዋ ሚጥሚጣ ውስጥ ገባን። ሚጥሚጣ የሙሽሪትን የአንድ ጎማ ዋጋ እንኳ የማታወጣ፣ ጎኗ የተጨረማመተ፣ ሞተሯ ግን እሳት የሆነ ትንሽዬ መኪና ናት።

ይትባረክ ገና መሪዋን ሲይዝ ተወነጨፈች። ጉድጓዱን እየዘለለ፣ አንድ ክንዱን መስኮቱ ላይ ጥሎ ያፏጫል።

«አየሽ፣ ልቤ ጸጥ አለ!» አለኝ።

አየሁ። ለካ ያ ሁሉ ድንጋጤ ለእኔ ሳይሆን ለሙሽሪት ቀለም ኖሯል።

ሆስፒታሉ በር ላይ እስክንደርስ ጥርሴን ነክሼ አማጥኩ። ልክ ስንደርስ፣ «ለልጃችን ክርስትና ሙሽሪትን የምነዳት እኔ ነኝ» አልኩት።

ሚጥሚጣ ፍሬን ሳይያዝ ቀጥ አለች።