ሓዚም የሰረዘው የዓርብ ልኬት

«ሙከየፉን አንቺ ነሽ ያጠፋሽው?»

ሓዚም ቅዳሜ ጠዋት ይህን ሲል የላብራቶሪው ክፍል እንደ ምድጃ ግሏል... ኤሲው ጠፍቷል።

«እኔ አይደለሁም፣ ልጄ» አለችው የጽዳት ሠራተኛዋ ውዴ።

«ወላሂ፣ ዓርብ ለጽዳት የገባሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ኻላስ፣ አለቀ!»

ውዴ መጥረጊያዋን አንስታ ወጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው...

ካርቱም፣ በፈረንጆች 2015፣ በግንቦት ሙቀት። ሓዚም እናቱ ኢትዮጵያዊት፣ አባቱ ሱዳናዊ የሆነ ወጣት መሐንዲስ ነው።

የነደፈው ቺፕ ጥፍር አያክልም። እርሻ ውስጥ ከተቀበረ ሴንሰር የሚመጣውን ደካማ ሲግናል ተቀብሎ ያጎላል።

ችግሩ... በአንዲት የሰዓት ባትሪ ዓመት ሙሉ መሥራት አለበት።

ናሙናው ሳምንቱን ሙሉ ሲለካ ሰነበተ። እስከ ሐሙስ የሚበላው ኃይል ከምንም አይቆጠርም ነበር። ዓርብ ግን አራት እጥፍ ሆኖ ዋለ።

ሰኞ ደግሞ ንድፉ ለፋብሪካ ወደ ውጭ ይላካል... አንዴ ከተላከ ማረም የለም።

ልጁ ምን አደረገ?

የዓርቡን ልኬት ሰረዘው። «በጽዳት ሠራተኛ ጥፋት የተበላሸ» ብሎም ጻፈበት። ለላብራቶሪው ኃላፊ ነገረ፤ ውዴ በዚያው ቀን ተባረረች። ሁለት ልጆች የምታሳድገው በዚያ ሥራ ነበር።

እሑድ መምህሩ ዶክተር ረሺድ ውጤቱን ሊያዩ መጡ።

«የዓርቡ የታለ?»

«ሰረዝኩት፣ ዶክተር። የምታጸዳው ሴትዮ ሙከየፉን አጥፍታው... አሰናበቷት።»

ዶክተሩ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉት። «ቺፕህ የሚቀበረው ጀዚራ እርሻ ላይ ነው፤ እዚያ ኤሲ አለ እንዴ? ሙቀት ሲመጣ ባትሪውን እንደሚጨርስ ራስህ እንድትደርስበት ፈልጌ ነው። ውዴ አይታኛለች። እንዳትነግሪው፣ አደራ ብያታለሁ።»

ሓዚም ከሰዓት በኋላ ጀሪፍ ሰፈር፣ ቤቷ ሄደ።

«ኻልቲ... አክስቴ ውዴ፣ ለምን ዶክተሩ ናቸው አላልሽኝም?»

«አደራ አሉኝ። አደራ ልብላ?»

ቀና ብላ አየችው።

«እኔ አይደለሁም ግን ብዬህ ነበር። እሱን ብታምነኝ ይበቃኝ ነበር።»

ይቅርታ ጠየቃት። ወደ ሥራሽ ተመለሺ ብሎ ለመናት። አልተመለሰችም፤ ሌላ ቤት ሥራ ይዛ ነበር።

ሊወጣ ሲል ጠራችው።

«እናትህን አውቃታለሁ። እዚሁ አል-ጣኢፍ ሰፈር፣ ሰው ቤት፣ አብረን ወለል ስንወለውል ኖረናል... ሰላም በልልኝ።»

የመላኪያው ቀን ተገፍቶ ንድፉ ታርሞ ተላከ። እኔን ያናደደኝ ግን ልጁ ለቺፑ ሳምንት ሙሉ ሰጥቶ ሰውን አንድ ደቂቃ መንሳቱ ነው። ዶክተሩም ቢሆኑ አደራውን የጫኑት ማን ላይ እንደሆነ አላሰቡበትም።

ወገኖቼ... ውጤቱ አላምር ሲለን መጀመሪያ የራሳችንን ሥራ እንፈትሽ። አቅም የሌለው ሰው ላይ ጣት መቀሰር ቀላል ነው፤ ቀላል ስለሆነ ግን እውነት አይሆንም።

እናንተ በውዴ ቦታ ብትሆኑ... አደራውን ትጠብቁ ነበር ወይስ እንጀራችሁን? እስቲ ሳትዋሹ ከታች ጻፉት።