የጀርመንኛው ሕግ ተርጓሚ

«ያ ተርጓሚያችሁ የት ገባ? ሦስት ወር ሙሉ አንድ ወረቀት የለም!»

ናዖድ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ ያለ የጌም ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሻጩን አምሐን አፋጦታል።

አምሐ ካርቶን መደርደሩን ቀጠለ።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ 1997 ነው። ናዖድ ማውንቴን ቪው የሚሠራ ኢንጂነር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳን ሆዜ ቤቱ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር የቦርድ ጌም፣ ማለትም ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋ ጨዋታ፣ ይጫወታል። ካርድ፣ ዳይስ፣ ትንንሽ የእንጨት ቤቶች...

አትሳቁ። ዲግሪ የጫኑ ሰዎች ናቸው። በአንዲት የእንጨት ቤት ሳምንት ሙሉ ይኮራረፋሉ።

ተጫውቶ ሲጨርስ ደግሞ ስለ ጌሙ አስተያየቱን፣ ሪቪው ይጽፋል። በየወሩ አራት ገጽ ፎቶኮፒ አድርጎ በየጌም ሱቁ ያስቀምጣል። ያልወደደውን ጌም አይምርም፤ አንባቢዎቹም የሚወዱት ለዚሁ ነው።

ምርጥ ምርጦቹ ጌሞች የሚመጡት ከጀርመን ነበር። የአጨዋወት ሕጋቸውም በጀርመንኛ ነው። እንደዛሬው ስልክ ደቅኖ መተርጎም የት አለ!

ግን አንድ ስሙን የማይጽፍ ሰው ነበረ። ሕጉን ወደ እንግሊዝኛ እየተረጎመ፣ በኮምፒውተር አስጽፎ፣ እዚሁ አምሐ ሱቅ ውስጥ በነፃ ያስቀምጣል። ናዖድ የሚጫወተው በዚያ ወረቀት ነው።

የወረቀቱ ፊደል በየወሩ እየተለቀ መጣ። ጓደኞቹ «ይሄ ሰው ለአንደኛ ክፍል ነው እንዴ የሚጽፈው?» እያሉ ይስቁ ነበር።

አንድ ወር ታዲያ ወረቀቱ «እያንዳንዱ ተጫዋች ስምንት ካርድ ይውሰድ» አለ። ወሰዱ። ጌሙ በአሥር ደቂቃ አለቀ።

ናዖድ «የማይረባ ጌም» ብሎ ዜሮ ሰጠው።

ጀርመንኛ የሚችል አንድ አንባቢ ጻፈለት... «ስምንት አይደለም፤ ሦስት ነው የሚለው።»

ናዖድ በሰው ፊት ተዋረደ። በሚቀጥለው ወር እንዲህ ብሎ ጻፈ...

«ጥፋቱ የተርጓሚው ነው። ወይ ጀርመንኛ አያውቅም፣ ወይ ዓይኑ አያይም። ለማንኛውም እቤቱ ቢያርፍ ይሻላል።»

አንባቢ ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ።

ይኸው አሁን ደግሞ ተርጓሚውን ይፈልጋል!

አምሐ ካርቶኑን አስቀመጠ።

«ናዖድ... ለማንም እንዳትናገር ብለውኝ ነበር። ግን አልቻልኩም። አባትህ ናቸው።»

«ኖ ዌይ! አባዬ? አባዬ እኮ ጌም ይጠላል!»

አባቱ አቶ ጥሩነህ በወጣትነታቸው ጀርመን አገር አምስት ዓመት ተምረዋል። ናዖድ ይህን በደንብ ያውቃል። ነገር ግን ያን ሁሉ የጀርመንኛ ወረቀት ይዞ፣ አንድ ቀን «አባዬ፣ ይሄ ምን ይላል?» ብሏቸው አያውቅም።

ለምን? ከዓመታት በፊት ጌሞቹን አይተው «ሰው በዚህ ዕድሜው በመጫወቻ ይጫወታል?» ስላሉት። በቃ፣ ቂም ያዘ። አባቱ የሚኖሩት እዚያው ኦክላንድ ነው፤ ከሳን ሆዜ የአንድ ሰዓት መንገድ። እሱ ግን በወር አንዴ ከደወለ ትልቅ ነገር ነው።

«በተናገሩት ተጸጽተው ነበር» አለ አምሐ። «አንድ ቀን መጥተው ልጄ የሚወደው የትኛውን ነው አሉኝ። ሕጉ ጀርመንኛ መሆኑን ሲያዩ ደስታቸውን አትጠይቀኝ። ከኔ መሆኑን ካወቀ አያነበውም፣ ስሜን አታንሳ አሉኝ።»

«ታዲያ ስምንቱ...?»

«የስኳር በሽታው ዓይናቸውን እየወሰደው ነው፣ ናዖድ። ወረቀቱን በኮምፒውተር የምጽፍላቸው እኔ ነበርኩ፤ የተጻፈውን ቼክ ማድረግ ሲያቅታቸው በየወሩ ፊደሉን አተልቅላቸዋለሁ። ጀርመንኛውን በማጉያ መነጽር እየታገሉ ሲያነቡ 3 ቁጥሯ 8 መስላ ነው የታየቻቸው።»

ናዖድ ወደ አምሐ ጠጋ አለ።

«ያን... የጻፍኩትን አይተውታል?»

«ያንተን ደቃቃ ፊደልማ ማንበብ አይችሉም። ያንተን ሪቪው ሁልጊዜ የማነብላቸው እኔ ነኝ። እዚያ ቦታ ስደርስ ልዘል ሞከርኩ፤ ነቁብኝ። ልጄ የጻፈውን በሙሉ አንብብልኝ አሉ። አነበብኩላቸው።»

«ምን አሉ?»

«እውነቱን ነው አሉ። ኮታቸውን ይዘው ወጡ። ከዚያ በኋላ አልመጡም።»

ናዖድ መኪናውን እንዴት እንደነዳ አያውቅም። የአባቱን አፓርትመንት በር አንኳኳ።

አቶ ጥሩነህ ከፈቱ። ጠራራ ፀሐይ ነው። ልጃቸው ፊት ለፊታቸው ቆሟል።

«ማን ልበል?» አሉ።



«እኔ ነኝ... አባዬ።»

እጃቸውን ዘርግተው ትከሻውን ፈለጉ። እሱ ይቅርታ ሊል አፉን ሲከፍት ቀደሙት።

«ናዖዴ... አምሐ ነገረህ ማለት ነው። ያን ጨዋታ ስላበላሸሁብህ ይቅር በለኝ። ልረዳህ ብዬ በሰው ፊት አሳፈርኩህ።»

ናዖድ እግራቸው ሥር ወድቆ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በሳምንቱ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰዳቸው። ሐኪሙ መርምሮ «ከስድስት ወር በፊት ቢመጡ ኖሮ...» አለ።

ከስድስት ወር በፊት ማን ያምጣቸው?

ወዳጆቼ... ወላጆቻችን አንዳንዴ አፋቸው ያመልጣቸዋል፤ ያስቀይሙናል። እኛ በአንዲት ቃል ቂም ይዘን ስንርቅ፣ እነሱ ግን በምን በኩል እንመለስ እያሉ ያለ የሌለ አቅማቸውን ይጨርሳሉ። ደግሞም ስሙን በማናውቀው ሰው ላይ ስንጽፍ እንጠንቀቅ፤ የማን አባት እንደሆነ አናውቅም።

እስቲ በእውነት መልሱልኝ... አባታችሁ ወይም እናታችሁ እናንተ ሳትወለዱ በፊት የሚያውቁት፣ እናንተ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቃችኋቸው የማታውቁት ነገር ምንድን ነው?