ሜሞሪ መራጯ ሴትዮ

ጎረቤቱ ኤርካሎ ሱቁ ከታሸገበት ቀን ጀምሮ ሚልክያስ እንቅልፍ አጥቷል። የደረሰኝ ማሽን በየሱቁ በግድ የገባበት ዘመን ነበር። ደንበኛ መስሎ የመጣ የግብር ሰው ከኤርካሎ የሞባይል ቻርጀር ገዝቶ ያለ ደረሰኝ ወጣ፤ በዚያው ቀን በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ሚልክያስስ ኮምፒውተር ሲገጣጥም ለማን ደረሰኝ ቆርጦ ያውቃል? ማሽኑ ጥግ ላይ አቧራ ሲጠጣ ነው የኖረው። ሱቁ ቢታሸግ ደግሞ እሱና ነፍሰ ጡር ሚስቱ ሶፊ ሌላ እንጀራ የላቸውም።

እናም ዝናብ ሶዶን ሲደበድብ በዋለበት ማክሰኞ፣ ጥቁር ቦርሳ ያንጠለጠለች ጠና ያለች ሴት ከባጃጅ ወርዳ ስትገባ ድንግጥ አለ። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ።

«ለልጄ አዲስ ኮምፒውተር ላስገጣጥምለት ነው» አለች። «ደህና ሜሞሪ ምረጥልኝ። ፍጥነቱን ትንሽ ከፍ አድርጎ ሊሠራበት ይፈልጋል።»

ሚልክያስ የማሽኑን አቧራ በክርኑ ጠረገና ሁለት ዓይነት ሜሞሪ አወጣ። አንዱ ቀይ ብረት ለብሶ ያብረቀርቃል፤ ሌላው እርቃኑን ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ቀዩን አሞጋግሶ ይሸጥላት ነበር፤ ትርፉ ያለው እሱ ላይ ነው። ዛሬ ግን መዋሸት አስፈራው።

«ቀዩ ይቅርብዎ እናቴ። ለትንሽ የፍጥነት ጭማሪ ይሄኛው ይበቃል። ግን አንድ ትልቅ ሳይሆን ሁለት መንታ ይውሰዱ። የተለያዩ ከሆኑ ፍጥነት ሲጨመርባቸው አይስማሙም፤ ኮምፒውተሩ ስታክ ያደርጋል።»

«እስከ ስንት ይጨምር?»

«በትንሽ በትንሹ ይሞክረው። ስህተት ካሳየው ወደ ኋላ ይመልስ። ቮልቴጁን ግን እንዳይነካ፤ የኛ መብራት ራሱ ሳይነኩትም ከፍ ዝቅ ይላል።»

ሴትዮዋ ፈገግ አላለችም። «ከሸጥከው ውስጥ ተበላሽቶ የሚመለስልህ የቱ ነው?»

«ቀዩ። ብዙው ፎርጅድ ነው።» አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ሚልክያስ ይህን ለገዛ ሚስቱም ነግሯት አያውቅም።

«ደህናውን ከማን ታመጣለህ?»

መጣ፤ የግዢ ደረሰኝ ልትጠይቀኝ ነው አለ በሆዱ። «መርካቶ ደገፉ ከሚባል አስመጪ ነው፤ በሕጋዊ ደረሰኝ። ከፈለጉ ደውለው ያጣሩ» አለና ስልክ ቁጥሩን ራሱ ጻፈላት።

«ብዙ የሚገዙህስ?»

«ከቤሌና ከሁምቦ የሚመጡ ትምህርት ቤቶች፣ እዚህ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ቢሮዎች።»

ከመንገዱ ማዶ፣ በተዘጋ ባዶ ቤት በረንዳ ላይ ጃንጥላ የያዘ ሰውዬ ቆሟል። ሴትዮዋ በየመሃሉ ዞር ብላ ታየዋለች፤ እሱም ራሱን ይነቀንቃል። ሁለት ሆነው ነው የመጡብኝ ብሎ ሚልክያስ ላቡን ጠረገ። የሱቁን ኪራይ ስትጠይቀው እሱንም ሳይደብቅ ነገራት።

በመጨረሻ መንታውን ገዛች። ማሽኑ እየተንገጫገጨ ደረሰኝ ተፋ፤ ስሟንም አስጻፈች፤ ወይዘሮ ጥሩዬ።

«ተባረክ ልጄ» አለች ደረሰኙን አጣጥፋ። «እንዳንተ ያለ ግልጽ ነጋዴ አላየሁም።»

ሱቁ በማግስቱ አልታሸገም። በሳምንቱም አልታሸገም። ሚልክያስ ለሶፊ ሁሉንም ተረከላት፤ እሷም ሆዷን ይዛ እግዚአብሔርን አመሰገነች። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ደረሰኝ ሊቆርጥ፣ ደህናውንም ብቻ ሊሸጥ ቆረጠ። ደስ ብሎት ተጨማሪ መንታ ሊያዝ ወደ መርካቶ ደወለ።

«መንታው እንኳ አልቋል ወንድሜ» አለ ደገፉ፤ «ያለኝን በሙሉ አንተ የላክሃቸው ወይዘሮ ጥሩዬ ጠቅልለው ወሰዱት፤ ፊት ለፊትህ የኮምፒውተር ቤት ሊከፍቱ አይደል እንዴ?»