የቱታው እጣቢ

ልጅቷ ከትምህርት ቤት ያመጣችውን የመመርመሪያ ጠብታ ከመልቀቋ በፊት ትንፋሿን ያዘች። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ነበር፤ ሁለቱም የአባቷ ቱታ ትናንት የታጠበበት እጣቢ ነው። አንዱን በጨርቅ ብቻ አጥልላዋለች። ሌላውን ግን ከሙዝ ልጣጭ ባከሰለችው ጥቁር ዱቄት ውስጥ አሳልፋ ጠብ ጠብ አድርጋ አውርዳዋለች። ባትሪ ጠጋኙ አባቷ የዛሬውን ቱታ ጭኑ ላይ አድርጎ አጠገቧ ተቀምጧል።

ጠብታው የመጀመሪያው ብርጭቆ ውስጥ ሲወድቅ ውሃው መሃል ቢጫ አበባ ፈነዳ፤ ቀስ ብሎ ዞረ፣ ተበተነ፣ እንደ ወርቅ ብናኝ እያበራ ወደ ታች ሰመጠ። “ሲያምር!” አለ አባቷ። “እርሳስ ነው አባዬ። ከባትሪው የሚወጣው መርዝ።” ሁለተኛው ብርጭቆ ውስጥ ጠብታው ገብቶ ጠፋ፤ ውሃው እንደጠራ ቀረ።

“የት ገባ ታዲያ?”

“ከሰሉ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ውሃው ባለፈበት ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይይዛል። እስኪሞላ ድረስ ምንም አይታይበትም።”

“ሙዙን የበላሁት እኔ መሆኔ እንዳይረሳ!” ብሎ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ እናትየዋ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ጠቅልላ ከጓሮ ገባች። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዳደረገችው ቱታውን ልታጥብ እርጥብ እጇን ዘረጋችለት። “በል አምጣው፣ ውሃው ሳይቀዘቅዝ።”

አባትየው ከሰሉን አየ። የሚስቱን እርጥብ እጅ አየ። ከዚያ ሕፃን ልጅ እንደሚያደርገው ቱታውን ከጀርባው ደበቀው።

“ምን ሆነሃል ሰውዬ? ስጠኝ እንጂ!” አለች እየሳቀች።

አልሰጣትም።