አሥራ ሦስተኛው ወር

ትበርህ ወንበሯን ሁለቱም ስክሪኖች ወደሚታዩበት ጥግ ታስጠጋለች። ከሟች ባሏ ከአረጋዊ አሮጌ ኮምፒውተር የወጣው ሰማያዊ ገመድ ጠረጴዛውን አቋርጦ የተከስተ ላፕቶፕ ላይ ተሰክቷል። ሰውየው ባዳ አይደለም፤ የአረጋዊ የሥራ ባልደረባ ነው፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ቀብሩ ላይ ሲያለቅስ አይታዋለች። ቢሆንም ሻይ እንኳ ላፍላ ብላ አልተነሳችም።

«ቢሮ ብወስደው ኖሮ እኮ በአሥር ደቂቃ ያልቅ ነበር፣ እትዬ ትበርህ።»

«ከዚህ ቤት አይወጣም ብያለሁ።»

«እሺ፣ እሺ። ፍላሽ አልቀበል ስላለ በኔትወርክ ነው። የጋሽ አረጋዊ ፕሮግራም፣ ማለቴ ሰርቨሩ፣ እዚያ ተቀምጦ ይጠብቃል። የእኔ ደግሞ ከዚህ ፋይል ይጠይቀዋል። የተጠየቀውን ብቻ ይሰጣል፤ በቃ። እንደ መጋዘን ጠባቂ ይዩት።»

«ጠባቂም ይታለላል።»

ተከስተ ይስቃል። እሷ አትስቅም።

ለገሃር ያለው መሥሪያ ቤት የሚፈልገው አረጋዊ በፈረንጆቹ ከ1999 እስከ 2001 የጻፈውን የንብረት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ነው። አርባ ፋይል ነው ተብላለች። የፈቀደችውም አርባ ነው።

ከውጭ የሚፈርስ ቤት ቆርቆሮ ይንኳኳል፤ ካሳንችስ ሰሞኑን ሌላ ድምፅ የላትም። በአሮጌው ስክሪን ላይ የሚላኩት ፋይሎች ስም ከነመጠናቸው በየተራ ይወርዳል። ስማቸው ዓመት፣ ወር፣ ቀን ነው፤ አረጋዊ ሁሉን በቀን ነበር የሚሰይመው። ሃያ ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማረችው ትበርህ አምስት አምስቱን በእርሳስ እየሰረዘች ትቆጥራለች። ሠላሳ ዘጠኝ። አርባ። አርባ አንድ።

«ተከስተ።»

«አቤት።»

«አርባ አለፈ።»

«ማለቴ... በግምት ነው ያልኩዎት። አንዳንዱን ሁለቴ አስቀምጦት ይሆናል።»

«አረጋዊ አንድ ነገር ሁለቴ አያስቀምጥም።»

እርሳሷ ይቆማል። 20001303። ደግማ ታነበዋለች።

«ፈረንጅ አሥራ ሦስተኛ ወር አለው እንዴ?»

የተከስተ ጣቶች ቁልፎቹ ላይ ቀጥ ይላሉ። «የለውም።»

«ይሄ ጳጉሜን ሦስት ነው። የእኛው ሁለት ሺህ።» አልጋ ላይ የዋለበት ክረምት፤ ይህን ግን ለእሱ አትነግረውም። «አቁመው!»

ተከስተ ሁለት ሦስት ቁልፍ ይመታል። ስሞቹ መውረዳቸውን አላቆሙም፤ መጠናቸው ግን እያነሰ ይሄዳል። አራት ሺህ። ዘጠኝ መቶ። ስድሳ። ከዚያ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ገመዱን መንጭቆ ሲነቅለው ዝርዝሩ አልቋል። የመጨረሻው 20010314 ይላል፤ ኅዳር አሥራ አራት። አረጋዊ ያረፈው በማግሥቱ ነው።

«ምን አድርገህባቸው ነው ባዶ የሆኑት?»

«እትዬ ትበርህ፣ እኔ ልገለብጥ እንጂ ልነካቸው አልችልም። መጠኑን የሚናገረው የእናንተ ማሽን ነው። ከመላኩ በፊት ስንት እንደሆነ ይናገራል፤ ዜሮ ብሎ የላከው እሱ ነው።» ፊቱን በእጁ ይጠርጋል። «እኔ በ1999፣ በ2000 እና በ2001 የሚጀምረውን ሁሉ ስጠኝ ነው ያልኩት። ለቢሮ ቀኑን በፈረንጅ ነበር የሚጽፈው። የግሉን በአበሻ ይጽፋል ብዬ... በቃ፣ አላሰብኩትም።»

ከጎረቤቱ የገለበጠ ተማሪ እንደምታይ አድርጋ ታየዋለች። «ከፍተሃቸዋል?»

«በማርያም፣ አልከፈትኩም።»

ሐሰት ትፈልጋለች፤ ፊቱ ላይ አታገኝም።

በዚያ ክረምትም በኋላም በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ግድግዳ ይዞ እየተነሳ እዚህ ወንበር ላይ ይቀመጥና በሩን ያስዘጋት ነበር። ምንድነው ስትለው «ሥራ ነው» ይላታል። የታመመ ሰው አላስተኛ አሉት ብላ መሥሪያ ቤቱን እስከዛሬ ስትረግም ኖራለች። ለካ ለራሱ ሲጽፍ ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ቀናትማ ቁጭ ብሎ ቀኑን ብቻ ጽፎ ነበር የሚነሳው።

«ከላፕቶፔ እዚሁ ፊትዎ አጠፋቸዋለሁ» ይላል ተከስተ ቀስ ብሎ። «ዋናዎቹ እናንተ ጋ አሉ፤ አይነኩም።»

«ከመጣያውም፣ ከሪሳይክል ቢኑም።»

«ከሪሳይክል ቢንም። ባዶዎቹ እንኳ ምንም የለባቸውም፣ ቢቀሩም—»

«መጀመሪያ እነሱን አጥፋ።»

አንድ በአንድ ያጠፋል። አንዱ በጠፋ ቁጥር ትበርህ ቀኑን በዝግታ ትጠራለች። ኅዳር አራት። ኅዳር አምስት። ኅዳር ስድስት። ኅዳር ሰባት ላይ መጥራቷን ታቆማለች። ተከስተ ሳያያት፣ የቀሩትን ለእሷ ትቶ ላፕቶፑን ወደ እሷ ያዞርና እጁን ከቁልፉ ላይ ያነሳል።