የጠበበው አንገት

ካሪ እጆቹን ወደ ላይ እንደዘረጋ፣ ጭንቅላቱ በአዲሱ ሹራብ አንገት ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። እናቱ ከገዛ በጎቻቸው ሱፍ፣ ከወገቡ ጀምራ ክረምቱን ሙሉ የሠራችው ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ጥለት ያለው ሹራብ ነበር። ከውስጡ ጨለማና የበግ ሽታ ብቻ።

«እማዬ፣ አውልቂልኝ፤ ታፈንኩ።»

«እረፍ። ሲሸለት የሚቆስለው የሚወራጭ በግ ነው።»

ፊቷን ስላላየ ይሁን ትንፋሽ አጥሮት፣ ወር ሙሉ የደበቀው ነገር አመለጠው። «ሰኞ በመርከብ ወደ ኮፐንሃገን እሄዳለሁ። ሥራ አግኝቻለሁ።» እርሻው ላይ ከእሱ ሌላ ልጅ አልቀረላትም።

ቀዝቃዛ መቀስ ሆዱን ነካው፤ ሹራቡ ፊት ለፊቱን ከታች ወደ ላይ ይቆረጥ ጀመር።

«እማዬ፣ የክረምት ልፋትሽን?»

አንገቱ ተከፍቶ ብርሃን ሲገባ ቁልቁል አየ። ከተቆረጠው ግራና ቀኝ፣ ክሩ እንዳይተረተር ቀድሞ ድርብ ስፌት ተሰፍቶበታል።

«የሥራውን ደብዳቤ የደበቅክ ዕለት ነው የሰፋሁት» አለች፣ መቀሱን አስቀምጣ። «እዚያ ከአይስላንድ ይሞቃል አሉ፤ ከፊት የሚከፈት ይሻልሃል። አንገቱን ያጠበብኩትማ አንተ ካልታነቅክ ስለማትናገር ነው። ቁልፉን እዚያው ራስህ ትተክላለህ።»